ደጅ ጥናትና የዘይት ውል፦ የኖርዌይ ኩባንያዎች በባዕድ መንግሥት ደጃፍ

በውጭ አገር የምንኖር ኢትዮጵያውያን ስለ ነዳጅ ዘይት በተወያየን ቁጥር የኖርዌይ ስም ሳይነሣ የቀረበትን ጊዜ አናስታውስም። አንዱ ስለ ናይጄሪያ ወይም ስለ አንጎላ ብክነት ሲናገር፣ ሌላው «ኖርዌይስ?» ብሎ ይነሣል፤ ክርክሩም ብዙውን ጊዜ እዚያው ላይ ያበቃል። እኛም ራሳችን ከዚሁ ወገን ነበርን። በዚህች አገር የዶክትሬት ትምህርታችንን በምንከታተልበት ዘመን በአንድ የኢትዮጵያውያን ስብሰባ ላይ ጽሑፍ አቅርበን፣ የኦጋዴን ጋዝ የሚወጣበት ቀን ሲደርስ አገራችን አስቀድማ በሯን ልትከፍትላቸው የሚገባት የኖርዌይ ኩባንያዎች ናቸው፤ በአገራቸው የለመዱትን ንጹሕ አሠራር ይዘው ይመጣሉና ብለን ነበር። ብዙ ጭብጨባ አገኘን። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ከዚህ በታች የምንተርከው ጉዳይ በጋዜጣ ወጣ። እንግዲህ ይህ ድርሰት በከፊል የራስን ስሕተት ማረሚያ ነው ማለት ይቻላል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄያችን አንድ ነው። የአንድ አገር ኩባንያዎች፣ የሌላ አገር መንግሥት በእጁ በያዘው የዘይት ኢንዱስትሪ ውስጥ ሥራ ለማግኘት ደጅ ሲጠኑ፣ በአገራቸው ያደጉበትን ሥርዓት ይዘው ይገባሉ ወይስ ከደጃፉ ላይ አራግፈውት ይገባሉ?

ይህን የምንጽፈው ከኦስሎ በስተ ምሥራቅ ከሚገኘው ከትሮስተሩድ ሠፈር ነው። ከዳገቱ ላይ የተደረደሩትን የመኖሪያ ፎቆችና ከሥራቸው የሚያልፈውን የከተማ ባቡር ያየ እንግዳ ሁሉ፣ በተለይም ከአዲስ አበባ የመጣ ዘመድ፣ «ይህ ሁሉ በዘይት ገንዘብ የተሠራ ነዋ!» ይላል። አይደለም። የትሮስተሩድ ባቡር ጣቢያ የተከፈተው በዲሴምበር 1974 ነው፤ የመጀመሪያው ታላቅ የዘይት መስክ፣ ኤኮፊስክ፣ ማምረት ከጀመረ ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት ከመንፈቁ ነበር። ሠፈሩን የሠራው ከዘይት በፊት የነበረው ኖርዌይ ነው፤ ግብሩን የሚሰበስብ፣ ፏፏቴውን ወደ ኤሌክትሪክ የለወጠ፣ መርከቦቹን በዓለም ባሕር ላይ የበተነ፣ የቤት ሠሪ ማኅበራቱን ያደራጀ ኅብረተሰብ። ይህን ማስታወስ የሚበጀው የ«ኖርዌይ ምሳሌ» የሚባለው ነገር ከየት እንደሚጀምር ስለሚያሳይ ነው። ዘይቱ የመጣው መዝገብ ቤት ወዳለው ቤት ነው።

ያም ሆኖ ኖርዌይ ራሷ በአንድ ወቅት ደጇ የሚጠና አገር ነበረች። በ1958 የአገሪቱ የጂኦሎጂ መሥሪያ ቤት ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በጻፈው ደብዳቤ በኖርዌይ ጠረፍ ዘይት የማግኘት ተስፋ እንደሌለ ገልጾ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በሆላንድ፣ በግሮኒንገን፣ እጅግ ትልቅ የጋዝ ክምችት ተገኘና ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በ1962 ፊሊፕስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ኦስሎ ድረስ ደብዳቤ ልኮ፣ በወር 160,000 ዶላር ይከፍል ዘንድ፣ በባሕሩ ወለል ላይ የመፈለግ መብት ለብቻው እንዲሰጠው ጠየቀ። መንግሥቱ ለአንድ ኩባንያ ብቻ አልሰጥም አለ። በሜይ 31 ቀን 1963 የባሕሩ ወለል የመንግሥት መሆኑን በንጉሣዊ ድንጋጌ አስታወቀ፤ ከእንግሊዝና ከዴንማርክ ጋር ወሰኑን በ1965 ተዋዋለ፤ ከዚያም ባሕሩን በሰሌዳ ከፋፍሎ ለብዙ ኩባንያዎች ፈቃድ ሰጠ።

እዚህ ላይ አንባቢ የራሳችንን ታሪክ ማስታወሱ አይቀርም። ኖርዌይ ለፊሊፕስ የከለከለችውን እኛ በ1945 ለሲንክሌር ሰጥተን ነበር፤ ለ50 ዓመት፣ በመላው የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት። ብዙ ጸሐፊዎች ይህን እንደ የዋህነት ይቆጥሩታል። እኛ ግን በዚህ አንስማማም። በ1945 ኦጋዴን በእንግሊዝ የጦር አስተዳደር ሥር ነበር። ለአሜሪካ ኩባንያ በኦጋዴን ምድር ላይ ፈቃድ መስጠት ማለት የምድሩ ባለቤት እኔ ነኝ ብሎ ለዓለም ማስመስከር ነበር። የዘይት ውል ስለ ዘይት ብቻ ሆኖ አያውቅም። ኖርዌይ የነበራት፣ እኛ ግን ያልነበረን፣ ወሰኑን የሚጠራጠር ጎረቤት ያለመኖሩ ዕድል ነው።

በኖርዌይ ታሪክ ውስጥ ለስደተኛ ምሁር ልዩ ትርጉም ያለው አንድ ሰው አለ። ፋሩቅ አል-ቃሲም በባስራ የተወለደ፣ በለንደን የተማረ፣ በኢራቅ ፔትሮሊየም ኩባንያ የሠራ ጂኦሎጂስት ነው። በ1968 የታመመ ልጁን ለማሳከም ከኖርዌያዊት ባለቤቱ ጋር ወደ አገሯ መጣ። ኦስሎ በደረሰበት ቀን የሚቀጥለውን ባቡር እየጠበቀ ሳለ ወደ ኢንዱስትሪ ሚኒስቴር ጎራ ብሎ፣ በአገሪቱ የሚሠሩ የዘይት ኩባንያዎች ስም ዝርዝር እንዲሰጡት ጠየቀ። የሚኒስቴሩ የዘይት ክፍል በጣት የሚቆጠሩ ሠራተኞች ብቻ ነበሩት፤ ከደጃቸው የቆመው ሰው ከሁሉም ይልቅ ዘይት ያውቅ ነበር። ቀጠሩት። የመጀመሪያ ሥራው ባዶ ናቸው የተባሉትን ጉድጓዶች መዝገብ ማንበብ ሆነ፤ ካነበበም በኋላ ዘይቱ መገኘቱ የጊዜ ጉዳይ ነው አለ። በ1969 መጨረሻ ኤኮፊስክ ተገኘ። የመንግሥቱ ኩባንያ ስታትኦይልና ተቆጣጣሪው የፔትሮሊየም ዳይሬክቶሬት ተለያይተው በ1972 እንዲቋቋሙ ካደረጉት ሰዎች አንዱ ይኸው ኢራቃዊ ነው። በኋላም በዳይሬክቶሬቱ ውስጥ ለረጅም ዓመታት በኃላፊነት ሠርቷል። ፋሩቅ የመንግሥት ደመወዝ የሚበላ፣ ስሙ በመዝገብ የሰፈረ፣ የቤቱ ባለቤት አማካሪ ነበር። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ ያዝልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ለድርሰታችን ዋና የሆነው ግን የ1972ቱ የዲሴምበር ድንጋጌ 54ኛ አንቀጽ ነው። የውጭ ኩባንያዎች በኖርዌይ ባሕር ላይ ሲሠሩ፣ በዋጋ፣ በጥራትና በማስረከቢያ ጊዜ ተወዳዳሪ እስከ ሆነ ድረስ የኖርዌይን ዕቃና አገልግሎት እንዲጠቀሙ ያስገድዳል። ድንጋጌ ብቻውን ወረቀት ነው፤ እኛም ከንጉሡ ዘመን ጀምሮ ያማሩ አንቀጾች አላጣንም። ልዩነቱ በሚኒስቴሩ ውስጥ የዕቃና የአገልግሎት ጽሕፈት ቤት የሚባል አንድ ትንሽ ቢሮ መቋቋሙ ነበር። አንድ ኩባንያ ጨረታ ከማውጣቱ በፊት የሚጋብዛቸውን ተጫራቾች ዝርዝር ለዚህ ቢሮ ያቀርባል። ቢሮው ዝርዝሩን አይቶ፣ ችሎታ ያለው የኖርዌይ ድርጅት ተዘልሎ እንደሆነ ስሙን ያስገባል። ሥራውን ለማን እንደሰጠም ኩባንያው ያስታውቃል። ቢሮው ድርጅቱን ከጨረታው በር ያደርሰዋል እንጂ ሥራውን አያሸንፍለትም።

በዚህ መንገድ ነው መርከብ ሠሪዎቹ ዘይት የተማሩት። ከ1973 የዘይት ዋጋ ንረት በኋላ የዓለም የመርከብ ንግድ ሲወድቅ፣ አከርና ክቨርነር የመሳሰሉት ድርጅቶች ሠራተኛቸውን ወደ መቆፈሪያ መድረክ ሥራ አዞሩ። ባሕሩ ወለል ላይ የሚቆሙት የኮንክሪት መድረኮች የኖርዌይ መሐንዲሶች ሥራ ናቸው፤ በ1995 ወደ ቦታው የተጎተተው ትሮል ኤ ቁመቱ 472 ሜትር ነው። በ1979 ደግሞ ፈቃድ ፈላጊ ኩባንያዎች በኖርዌይ ተቋማት ውስጥ ምርምር ካስደረጉ ለሚቀጥለው ፈቃድ እንደሚቆጠርላቸው የሚገልጽ ሥርዓት ተጀመረ። ዛሬ ለድኻ አገሮች የሚሰበከው የነጻ ገበያ ትምህርት ይህን ሁሉ አድልዎ ይለዋል። አድልዎም ነበር፤ በግልጽ የተጻፈ፣ ቀነ ገደብ ያለው አድልዎ።

ቀነ ገደቡ ደረሰ። በ1986 የዘይት ዋጋ ክፉኛ ወደቀ፤ በጃንዋሪ 1 ቀን 1994 የአውሮፓ የኢኮኖሚ ክልል ስምምነት ሲጸና ለአገር ውስጥ ድርጅቶች የሚሰጠው ቅድሚያ ሕጋዊነቱን አጣ። በአገራቸው ባሕር ያደጉት ድርጅቶች ሌላ ባሕር መፈለግ ግድ ሆነባቸው። ስታትኦይል በ1990 ከእንግሊዙ ቢፒ ጋር ተጣምሮ ወደ አዘርባጃን፣ ወደ ቬትናምና ወደ ምዕራብ አፍሪካ ዘለቀ፤ በ1994 በባኩ በተፈረመው ታላቅ ውል ውስጥ ከ8 በመቶ በላይ ድርሻ አገኘ። በ1997 መንግሥትና ኩባንያዎች በአንድነት ኢንትሶክ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ፤ ተግባሩ የኖርዌይን ዕቃ አቅራቢዎችና ተቋራጮች ወደ ውጭ የዘይት ገበያ መምራት ነበር። ከእነዚህ ገበያዎች አብዛኞቹ በመንግሥት ኩባንያ የተያዙ ነበሩ። በአንጎላ ሶናንጎል፣ በብራዚል ፔትሮብራስ፣ በኢራን ብሔራዊው የዘይት ኩባንያ በሩን ይዞ ተቀምጧል። ትላንት የውጭ ሰው ደጇን ይጠና የነበረች አገር ዛሬ እርሷ ደጅ ጠኚ ሆነች።

ከእነዚህ ደጆች ሁሉ እንደ ኢራን ያለ አስቸጋሪ አልነበረም። ከ1979 አብዮት በኋላ የወጣው ሕገ መንግሥት ለባዕዳን የመሬት ሀብት ፈቃድ መስጠትን ይከለክላል። ስለዚህ በ1990ዎቹ የኢራን መንግሥት «መልሶ መግዛት» የሚባል ውል ፈጠረ፦ የውጭው ኩባንያ በገንዘቡ መስኩን ያለማል፣ ለብሔራዊው ኩባንያ ያስረክባል፣ ወጪውንና የተወሰነ ትርፉን ከምርቱ ይከፈላል፤ ባለቤትነት የለውም። የመጀመሪያው ውል ለአሜሪካው ኮኖኮ ተሰጥቶ ነበር፤ በ1995 ፕሬዚዳንት ክሊንተን ከለከሉትና የፈረንሳዩ ቶታል ወሰደው። በ1996 የአሜሪካ ምክር ቤት በኢራን ዘይት ላይ ገንዘብ የሚያፈሱትን ሁሉ የሚቀጣ ሕግ አወጣ። አሜሪካኖቹ ከወጡበት ወንበር ላይ አውሮፓውያን ለመቀመጥ ተሻሙ። ከፊሉ የመንግሥት የነበረው ኖርስክ ሂድሮ በ2000 በአናራን የመፈለግ ውል ያዘ፤ ስታትኦይል ደግሞ በኦክቶበር 2002 ከፔትሮፓርስ ጋር ተዋውሎ፣ ኢራን ከካታር ጋር በምትጋራው ሰፊ የጋዝ መስክ፣ በደቡብ ፓርስ፣ የስድስተኛውን፣ የሰባተኛውንና የስምንተኛውን ምዕራፍ የባሕር ላይ ሥራ ተረከበ። ወደ 300 ሚሊዮን ዶላር ሊያወጣ ነበር።

ከዚህ ውል ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በ2002 አጋማሽ፣ ስታትኦይል ሆርተን ከሚባል በባሕር ማዶ ከተመዘገበ አማካሪ ድርጅት ጋር ሌላ ውል ፈርሞ ነበር። በ11 ዓመት ውስጥ 15.2 ሚሊዮን ዶላር ሊከፈል፤ ለምን? ለምክር። ከሆርተን ጀርባ ይቆማሉ የተባሉት መህዲ ሃሼሚ ራፍሳንጃኒ፣ የቀድሞው ፕሬዚዳንት ልጅና በብሔራዊው የዘይት ኩባንያ ሥር ያለ አንድ ድርጅት ኃላፊ ናቸው፤ እርሳቸው ይህን አስተባብለዋል። 5.2 ሚሊዮን ዶላር ከተከፈለ በኋላ የኩባንያው የውስጥ ኦዲተሮች በ2003 ነገሩን ደረሱበት። በሴፕቴምበር ዳገንስ ኔሪንግስሊቭ የተባለው የንግድ ጋዜጣ ገለጠው፤ የኢኮኖሚ ወንጀል መርማሪው መሥሪያ ቤት፣ ኦኮክሪም፣ የኩባንያውን ቢሮ በረበረ። የቦርዱ ሊቀ መንበር፣ ዋናው ሥራ አስኪያጅና የውጭ ሥራ ኃላፊው በተከታታይ ለቀቁ። በ2004 ኩባንያው ጥፋቱን ሳያምንም ሳይክድም 20 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣት ተቀበለ። አክሲዮኑ ከ2001 ጀምሮ በኒው ዮርክ ይሸጥ ስለነበር የአሜሪካ መንግሥትም የመክሰስ ሥልጣን ነበረው፤ በ2006 በ21 ሚሊዮን ዶላር ጉዳዩ ተዘጋ። በኦስሎ ያላመነውን በዚያ አመነ፦ ለአንድ የኢራን ባለ ሥልጣን ጉቦ ተከፍሏል ብሎ። መህዲ ሃሼሚን ራሳቸውን በ2015 የኢራን ፍርድ ቤት በጸጥታና በገንዘብ ወንጀሎች የ10 ዓመት እስራት ፈርዶባቸዋል።

እነሆ በአገሩ የጨረታ ዝርዝር በትንሽ ቢሮ ይታይ የነበረው ኩባንያ፣ በባዕድ አገር ዝርዝር የማያውቀውን መንገድ ያዘ። ምክንያቱን ስግብግብነት ነው ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኛ ግን ከራሳችን ታሪክ የተሻለ ማስረጃ የምናገኝ ይመስለናል። ዛሬ «ባልደረባ» የምንለው የሥራ ጓደኛን ነው። በቀድሞው ቤተ መንግሥት ግን ባልደረባ የሚባለው፣ ለመጣው እንግዳ ወይም ለሩቅ ባለ ጉዳይ ከንጉሡ ዘንድ የሚመደብለት፣ ጉዳዩን ወደ ውስጥ የሚያደርስለት ሰው ነበር። ወደ ጎንደርም ሆነ ወደ ሸዋ የዘለቁ ባዕዳን ያለ ባልደረባ መፈናፈኛ አልነበራቸውም፤ ስለ እጅ መንሻውም ብዙ አማርረው ጽፈዋል። ይሁንና ያ ባልደረባ የሚታወቅ ሰው ነው። የሾመው የቤቱ ጌታ ነው፤ ሸንጎው ሁሉ የማን ባልደረባ መሆኑን ያውቃል። የዘመኑ የዘይት ኩባንያ የሚፈልገው ባልደረባ ግን እንግዳው ራሱ በስውር የሚቀጥረው፣ የቤቱ ጌታ ያልሾመው፣ ደመወዙ በሌላ አገር ባንክ የሚገባ ሰው ነው። የቴህራን ሰው ሁሉ ማን የማን ልጅ እንደሆነ እያወቀ ስታትኦይል ግን «አማካሪ» ብሎ መዘገበው።

በእኛም ምድር ይህ ዓይነቱ ሰው ታይቷል። በኦገስት 1935፣ የጣሊያን ጦር በምጽዋ ሲራገፍ፣ ፍራንሲስ ሪኬት የተባለ እንግሊዛዊ አዲስ አበባ ገብቶ፣ የምሥራቅ ኢትዮጵያን ዘይትና ማዕድን ለ75 ዓመት የሚሰጥ ውል ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተፈራረመ። ከጀርባው ያለው የአሜሪካው ስታንዳርድ ቫኩም መሆኑ ወዲያው ታወቀ። ንጉሠ ነገሥቱ የፈለጉት ግልጽ ነው፤ የአሜሪካና የእንግሊዝ ገንዘብ በምድሩ ላይ ካለ መንግሥታቱ ዝም ብለው አያዩም የሚል ተስፋ ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ኩባንያውን ጠርቶ ውሉን አስተወው። ደላላው ሄደ፣ ኩባንያው ሄደ፣ ጦርነቱ መጣ። ሪኬት የኢትዮጵያም የአሜሪካም ባልደረባ አልነበረም፤ የራሱ ነበር። ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል በግልጽ የተደረገ ቢሆን ኖሮ ጦርነቱን ያስቀር ነበር አንልም። ቢያንስ ግን አዲስ አበባ ማንን ተስፋ እንዳደረገች ታውቅ ነበር።

የኢራኑን ጉዳይ ከአንድ የትሮስተሩድ ጎረቤታችን ጋር ብዙ ጊዜ ተነጋግረንበታል። እርሱም ከአገሩ የተሰደደ ኢራናዊ ነው፤ ልጆቻችን አብረው ተምረዋል። የኖርዌይ ጋዜጦች ያን ጊዜ ስለ ኩባንያው ክብር፣ ስለ ሥራ አስኪያጁ መልቀቅና ስለ አገሪቱ ስም ሲጽፉ እርሱ አንድ ነገር ብቻ ይጠይቅ ነበር፦ ቅጣቱን ማን ወሰደ? አንዱን የኦስሎ ግምጃ ቤት፣ ሌላውን የዋሽንግተን። ጋዙ ግን የኢራን ሕዝብ ነው፤ የተሸጠውም ባለ ሥልጣን በእርሱ ላይ የተሾመ ነው። የጉቦውን ወጪ በመጨረሻ በውሉ ዋጋ ውስጥ የሚከፍለው ማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። በሕግ አንፃር የጎረቤታችን ጥያቄ ቦታ የለውም። እኛ እስከ ዛሬ ከዚያ የተሻለ ጥያቄ አላገኘንም።

ነገሩ አንድ ጊዜ የደረሰ እንከን ነው እንዳይባል ሌላ እንጥቀስ። የኖርዌይ መንግሥት ከሲሶ በላይ የሚይዝበት የማዳበሪያ ኩባንያ፣ ያራ፣ ከሊቢያ ብሔራዊ የዘይት ኩባንያ ጋር በጋዝ የሚሠራ የማዳበሪያ ማኅበር ለማቋቋም ሲል ለአንድ የሊቢያ ባለ ሥልጣን ቤተ ሰብ በሰጠው ጉቦና በሌሎችም ጉዳዮች በ2014 የ295 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣት ተቀብሏል። ይኸው ኩባንያ ከዚያ በፊት በነበሩት ዓመታት በአገራችን በዳሎል የፖታሽ ሥራ ገብቶ ነበር። በዳሎል ጥፋት ተሠርቷል ማለታችን አይደለም፤ እንግዶቹ ቀድሞውኑ በደጃችን እንደነበሩ ለማስታወስ ያህል ነው።

ወደ ኦጋዴን እንመለስ። የካሉብን ጋዝ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያገኘው የአሜሪካው ቴኔኮ ነው፤ በደርግ ዘመን የሶቪየት ባለሙያዎች ቆፈሩበት፤ ቆይቶ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጣ፤ በ2013 የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል ተዋዋለ፣ በ2022 ውሉ ተቋረጠ። ከቴኔኮ በስተቀር በየተራ የመጡት ከመንግሥታቸው ጋር የተያያዙ ናቸው። ስለ እያንዳንዱ ውል የምናውቀው የፊርማውን ፎቶግራፍ ነው። ተጫራቹን ማን መረጠ፣ የአገር ውስጥ ድርጅት ምን ሥራ እንዲደርሰው ተጻፈ፣ በመካከል ማን ቆመ የሚለውን ከእኛ ወገን ያጠና ጥቂት ነው። ምሁሮቻችን ስለ ብሔረሰቦች መብትና ስለ ድንበር የጻፉትን ያህል ስለ ጨረታ ዝርዝር ቢጽፉ እንዴት በወደድን!

ባለፉት ዓመታት አንድ ወጣት ኢትዮጵያዊ መሐንዲስ ወደ ቤታችን መጣ። በዚህች አገር የተማረ፣ በባሕር ላይ ሥራም ጥቂት ዓመታት ያሳለፈ ነው። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ ድርጅት በአገር ቤት ለሚያየው ሥራ «አማካሪ» እንዲሆነው ጠይቆታል። የተጠየቀው ምሕንድስናው አልነበረም። በሚኒስቴሩ ውስጥ ማንን ያውቃል፣ አባቱ ከማን ጋር አብረው ተማሩ፣ የአማቱ ወገን ከየት ነው፤ ይህንኑ ነበር። ክፍያው ግን ከመሐንዲስነቱ ደመወዝ ይበልጣል። «ፋሩቅ አል-ቃሲም እኮ እንደ እኔ ስደተኛ ነበር፤ ምን ልዩነት አለው?» አለን። ፋሩቅን የቀጠረው የቤቱ ባለቤት ነው አልነው፤ አንተን የሚቀጥርህ እንግዳው ነው። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ዝም ብሎ ቆየ። በመጨረሻ፣ ስሙና ክፍያው ለአገር ቤቱ ሚኒስቴር በጽሑፍ እንዲገለጥ ድርጅቱን ይጠይቅ ዘንድ መከርነው። ደብዳቤውን እዚሁ ጠረጴዛ ላይ ጻፈ፤ እኛም አረምንለት። መልስ አልመጣለትም።